ነፃ ፕሮግራምና ጌም ከመጫናችሁ በፊት እንዴት ትፈትሹታላችሁ?

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ላፕቶፕ ከፈትኩ። ብሮውዘሩ ሲነሳ የማታውቀው የመፈለጊያ ገጽ ይመጣል። በስክሪኑ ጥግ ላይ የውርርድ ማስታወቂያ ብቅ ጥልቅ ይላል። «መጨረሻ ላይ ምን ጫንሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ኧረ ምንም! ቪዲዮ ማጫወቻውን ቪኤልሲን ብቻ ነው» አለችኝ። የዳውንሎድ ፎልደሯን አብረን አየን። ፋይሉ እውነትም ቪኤልሲ የሚል ስም አለው። መጠኑ ግን 2 ሜጋባይት አይሞላም። ትክክለኛው የቪኤልሲ መጫኛ 40 ሜጋባይት ገደማ ነው። ያወረደችው ቪኤልሲን ሳይሆን «ቪኤልሲን ላውርድልሽ» የሚል ሌላ ፕሮግራም ኖሯል።

ይህ ነገር በየቤቱ እየተደጋገመ ነው። ሰው ፕሮግራሙን በትክክል ይመርጥና አወራረዱ ላይ ይሳሳታል። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩ። መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

ዝግጅት፦ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ

1. የፋይል ቅጥያ እንዲታይ አድርጉ። ፋይል ኤክስፕሎረርን ክፈቱ፣ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ዊንዶውስ ሲመጣ የፋይሉን የመጨረሻ ፊደላት ይደብቃል። «መዝሙር.ኤምፒስሪ.ኢኤክስኢ» የሚል ፋይል ለእናንተ «መዝሙር.ኤምፒስሪ» ሆኖ ይታያችኋል። መዝሙር መስሏችሁ የምትከፍቱት ግን ፕሮግራም ነው።

2. ሲስተም ፕሮቴክሽንን አብሩ። በስታርት መፈለጊያ ላይ «ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉና የሚመጣውን ክፈቱ። ሲ ድራይቭ ላይ «ኦፍ» የሚል ከሆነ «ኮንፊገር» ብላችሁ አብሩት። ከዚያ «ክሪኤት» ተጫኑ። ነገር ቢበላሽ ዊንዶውስን ወደዚያ ቀን መመለስ ትችላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሪስቶር ፖይንት ፎቶና ሰነድ አይመልስም። የልጆቻችሁን ፎቶና የሥራ ፋይል ለብቻው ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት። ተሰክቶ የቆየ ፍላሽ ኮምፒውተሩ ሲበከል አብሮ ሊበከል ይችላል።

3. የኮምፒውተራችሁን አቅም ወረቀት ላይ ጻፉ። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት»። ራም ስንት ነው? 64 ቢት ነው 32? «ሲስተም» ውስጥ «ስቶሬጅ» የሚለውን ደግሞ ክፈቱ፦ ሲ ድራይቭ ላይ ስንት ጊጋባይት ባዶ አለ? ይህ ወረቀት በኋላ ብዙ ፓኬጅ ያድንላችኋል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ያላችሁን ፈትሹ

ብዙ ሰው የሚያወርደው ነገር ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀድሞ አለ። የዘወትር ምሳሌው የአማርኛ መጻፊያ ነው። ሰው ከማይታወቅ ገጽ ወይም ከቴሌግራም ቻናል «ሙሉ ቨርዥን» የተባለ የግዕዝ ጽሕፈት ፕሮግራም ያወርዳል። ከነክራኩ ማለት ነው፤ ክራክ የሚባለው የፕሮግራሙን የክፍያ ቁልፍ የሚሰብር ፋይል ነው። ዊንዶውስ ግን የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። «ሴቲንግስ» ውስጥ ቋንቋ የሚለው ጋ ገብታችሁ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። አቀማመጡ ካልተመቻችሁ ኪማን የተባለው ነፃ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ የሚሠራ የአማርኛ ኪቦርድ አለው።

ስለዚህ ከማውረዳችሁ በፊት የምትፈልጉትን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ፒዲኤፍ ማንበብ እፈልጋለሁ» ካላችሁ ብሮውዘራችሁ ያነብላችኋል፤ ምንም አታውርዱ።

ደረጃ 2፦ ሠሪውን ፈልጉ

ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው እዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ ሥሩት።

1. የፕሮግራሙን ስም ጎግል ላይ ጽፋችሁ የመጀመሪያውን ውጤት አትንኩ። ከላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ «ስፖንሰርድ» የሚል ምልክት ያላቸው የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ናቸው። አጭበርባሪም ከፍሎ እዚያ መቀመጥ ይችላል።

2. በምትኩ የፕሮግራሙን የእንግሊዝኛ ውክፔዲያ ገጽ ክፈቱ። በስተቀኝ ባለው ሣጥን ውስጥ የሠሪው ስምና ኦፊሴላዊ አድራሻው አለ። በዚያ ግቡ። የቪኤልሲ ሠሪ ቪድዮላን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ አድራሻውም ቪድዮላን ዶት ኦርግ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ቪኤልሲ ዳውንሎድ» በሚል ስም የተከፈተ ገጽ ይበልጥ ትክክለኛ ይመስለዋል።

3. የአድራሻውን ፊደላት አንድ በአንድ አንብቡ። አንድ ፊደል የተጨመረበት ወይም የተቀየረበት አድራሻ ሌላ ገጽ ነው። ከአድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት መኖሩ ብቻውን አያድናችሁም። ቁልፉ የሚለው ግንኙነታችሁ ተመስጥሯል ነው። ባለቤቱ ታማኝ ነው አይልም።

4. ፕሮግራሞችን ሰብስበው ከሚያቀርቡ ገጾች ይልቅ ሁልጊዜ የሠሪውን ገጽ አስቀድሙ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሶርስፎርጅ በተባለው የታወቀ ገጽ ላይ ጂምፕ የተባለው የፎቶ ማቀናበሪያ የዊንዶውስ መጫኛ በማስታወቂያ ፕሮግራም ተጠቅልሎ ተገኝቶ ነበር። ገጹ በ2016 ባለቤት ሲቀይር አሠራሩን አቁሟል። ጂምፕ ራሱ ንጹሕ ነበር፤ የተበላሸው መጠቅለያው ነው።

ሠሪው ካልተገኘስ? ስም የለም፣ የመጨረሻ እትም የወጣበት ቀን የለም፣ ማነጋገሪያ የለም? እዚህ አቁሙ። ለዚያ ሥራ ሌላ ፕሮግራም አይጠፋም።

ስለ ክራክ አንድ ነገር ልበል። ክራክ ስትከፍቱ አንቲቫይረስ እንድታጠፉ ይጠይቃችኋል። አንቲቫይረስ እንድታጠፉ የሚጠይቅ ማንኛውም ፋይል ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የተጣለ ነው። ኮምፒውተር ቤት «ፉል ሶፍትዌር» ብለው በፍላሽ የሚጭኑላችሁም ቢሆን ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ለቢሮ ሥራ ሊብሬኦፊስ፣ ለፎቶ ጂምፕ፣ ለድምፅ ኦዳሲቲ፣ ለተጨመቀ ፋይል 7-ዚፕ በነፃ አሉ። ምንም ክራክ አያስፈልጋቸውም።

ደረጃ 3፦ «ነፃ» ያለው የቱን ነው?

«ፍሪ ዳውንሎድ» ማለት ማውረዱ ነፃ ነው ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሠሪውን ገጽ ላይ «ፕራይሲንግ» ወይም «ላይሰንስ» የሚለውን ፈልጋችሁ ከእነዚህ የቱ እንደሆነ ለዩ፦

- ኦፕን ሶርስ፦ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ቤትም ቢሮም መጠቀም ትችላላችሁ።
- ለግል ብቻ ነፃ፦ ቤት ይፈቀዳል፣ ለሱቃችሁ ወይም ለቢሮ ግን ክፍያ አለው።
- ሙከራ፦ ቀኑ ሲያልቅ ይቆለፋል፤ ወይም የሠራችሁት ቪዲዮ ላይ ማኅተሙን ያትማል።
- ነፃ ጌም ከውስጥ ሽያጭ ጋር፦ መጫወቱ ነፃ ነው፤ መሣሪያውና ልብሱ ይሸጣል።

ቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የሠርግ ቪዲዮ ሦስት ቀን አቀናብሮ ሊያወጣው ሲል ክፍያ የተጠየቀ ሰው አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን የ10 ሴኮንድ ቪዲዮ ሠርታችሁ እስከ መጨረሻው አውጡ። ማኅተምም ክፍያም ካለ ያኔ ይታያችኋል።

ደረጃ 4፦ አውርዱ

ገጹ ላይ «ዳውንሎድ» የሚል ሁለት ሦስት ትልልቅ ቁልፍ ካያችሁ ማውሱን ሳትጫኑ አንዱ ላይ አሳርፉት። ከብሮውዘሩ በታች በግራ በኩል የሚሄድበት አድራሻ ይጻፋል። ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ከሆነ ማስታወቂያ ነው።

ወረቀታችሁን አውጡና 64 ወይም 32 ቢት የሚለውን አመሳክራችሁ ምረጡ። «ቤታ» ወይም «ናይትሊ» የሚለውን ተዉት፤ «ስቴብል» የሚለውን ውሰዱ። ፋይሉ ከበድ ያለ ከሆነ የሌሊት ፓኬጅ ጠብቁ።

መብራት ከጠፋ ወይም ኔትወርክ ከተቆረጠ የብሮውዘሩን ዳውንሎድ ዝርዝር ክፈቱና «ሪዚዩም» በሉ። እሱ ካልሠራ የተቆረጠውን ፋይል አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። ግማሹ የወረደ መጫኛ ላይ ደጋግሞ ክሊክ ማድረግ ጥቅም የለውም።

ደረጃ 5፦ ሳትከፍቱ መርምሩ

ፋይሉ ወርዷል። ገና ሁለቴ አትጫኑት።

1. መጠኑን አመሳክሩ። የሠሪው ገጽ 350 ሜጋባይት ካለና የእናንተ 3 ከሆነ የእህቴን ስህተት ደግማችኋል። አጥፉት።

2. ቅጥያውን እዩ። የዊንዶውስ መጫኛ በኢኤክስኢ ወይም በኤምኤስአይ ያልቃል። ፓስወርድ ያለው ዚፕ ሆኖ ፓስወርዱ ገጹ ላይ ከተጻፈ አትክፈቱት። አንቲቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ተብሎ የሚደረግ ነው።

3. ፊርማውን እዩ። ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ»። የሠሪው ስም መኖር አለበት። ፊርማ የሌለው ሁሉ ግን መጥፎ አይደለም። 7-ዚፕ ለረጅም ዓመታት ያለ ፊርማ የሚወጣ ታማኝ ፕሮግራም ነው። ፊርማ ያለው ሁሉም ደኅና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው ፕሮግራም ትክክለኛ ፊርማውን እንደያዘ ውስጡ ተንኮለኛ ኮድ ገብቶበት ከሠሪው ዘንድ ለአንድ ወር ገደማ ሲወርድ ቆይቷል። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረዱ።

4. አሻራውን አመሳክሩ። ብዙ ሠሪዎች ከማውረጃው አጠገብ ኤስኤችኤ-256 የሚባል የ64 ፊደልና ቁጥር ድርድር ያስቀምጣሉ። 7-ዚፕ ካላችሁ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ኤስኤችኤ-256ን ምረጡ። ዊንዶውስ 11 ላይ መጀመሪያ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» በሉ። የመጀመሪያዎቹን ስድስትና የመጨረሻዎቹን ስድስት ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ የሚመጣላችሁን ሙሉውን ገጹ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ።

ካልገጠመ? አብዛኛውን ጊዜ ዳውንሎዱ ተቆርጦ ነው። አጥፉትና ድጋሚ አውርዱ። ሁለተኛም ካልገጠመ በሌላ ኔትወርክ ሞክሩ። ሦስተኛም ካልገጠመ ተዉት።

5. ቫይረስቶታል ላይ ጫኑት። ይህ የጎግል አገልግሎት ፋይሉን ከ60 በላይ በሆኑ አንቲቫይረሶች ያስመረምራል። እስከ 650 ሜጋባይት ይቀበላል። ለትልቅ ፋይል ፓኬጅ እንዳይበላባችሁ ያንን የ64 ፊደል አሻራ ብቻ መፈለጊያው ላይ ለጥፉ፤ ሌላ ሰው ቀድሞ አስመርምሮት ከሆነ ውጤቱ ይመጣል። የግል ሰነድ ግን በፍጹም አትጫኑበት፤ የሚጫነው ፋይል ለሌሎች ይጋራል።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት። ዜሮ ከሆነ ጥሩ ነው። አንድ ወይም ሁለት ብዙም የማይታወቁ አንቲቫይረሶች ከከሰሱትና ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ የተሳሳተ ክስ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ቀን ቆይታችሁ ድጋሚ አስመርምሩ። አምስትና ከዚያ በላይ ከከሰሱት አትደራደሩ። ክሱ ውስጥ «ፒዩኤ» ወይም «አድዌር» የሚል ቃል ካለ ብዙ ጊዜ መጫኛው የማትፈልጉትን ሌላ ፕሮግራም አዝሎ መጥቷል ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ከቻላችሁ በሳንድቦክስ ሞክሩት

የእናንተ ዊንዶውስ ፕሮ ከሆነና 8 ጊጋባይት ራም ካላችሁ ይህን አትለፉ። በስታርት መፈለጊያ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» የሚለውን ክፈቱ፣ «ዊንዶውስ ሳንድቦክስ» ላይ ምልክት አድርጉ፣ ሪስታርት አድርጉ። ሲከፈት በመስኮት ውስጥ ሌላ ባዶ ዊንዶውስ ታያላችሁ። መጫኛውን ኮፒ አድርጋችሁ እዚያ ለጥፉና ጫኑት። መስኮቱን ስትዘጉ ውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ዝርዝሩ ላይ ከሌለ የእናንተ ሆም እትም ነው። ኖሮ ምልክት ማድረግ ከከለከለ ብዙ ጊዜ ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው ጠፍቷል ማለት ነው። ባዮስ መንካት የማትደፍሩ ከሆነ ይህን ደረጃ ዝለሉት። ደግሞም ፕሮግራሙ እዚያ ውስጥ ጸጥ ማለቱ ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም፤ አንዳንድ ቫይረስ ሳንድቦክስ መሆኑን አውቆ ይደበቃል።

ደረጃ 7፦ ሲጫን እያንዳንዱን ገጽ አንብቡ

«ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት» ብሎ መሮጥ ነው ሰውን የሚጎዳው።

1. «ኤክስፕረስ» እና «ካስተም» የሚል ምርጫ ከመጣ ሁልጊዜ «ካስተም» ወይም «አድቫንስድ» በሉ። «ሪኮመንድድ» የሚለው የተመከረው ለእነሱ እንጂ ለእናንተ አይደለም።

2. ቀድሞ ምልክት የተደረገበትን ሣጥን ሁሉ መርምሩ። የማታውቁት ብሮውዘር፣ አንቲቫይረስ ወይም መፈለጊያ ከሆነ ምልክቱን አንሱ።

3. የስምምነት ውል የሚመስለውን ገጽ ስሙን አንብቡ። ከላይ የሌላ ፕሮግራም ስም ካለ የዚያ ፕሮግራም ውል ነው። «ዲክላይን» ወይም «ስኪፕ» በሉ። ቁልፉ ግራጫ ሆኖ የማይሠራ ይመስላል፤ ይሠራል፣ ተጫኑት።

4. «ዲክላይን» ካላችሁ አልጫንም ካለ መጫኑን ሰርዙ። ያ ራሱ ፍርድ ነው።

ሰማያዊ መስኮት መጥቶ «ዊንዶውስ ፕሮቴክትድ ዩር ፒሲ» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ «ረን ኤኒዌይ» ለማለትም አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ያላወረደው አዲስ ፋይል ላይም ይመጣል። ደረጃ 5ን ሙሉ በሙሉ ካለፈ ብቻ ቀጥሉ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ሰዓትና የመጀመሪያው ሳምንት

እንደተጫነ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ»ን በተጫነበት ቀን ደርድሩ። አንድ ጭናችሁ ሁለት ካያችሁ ትርፉን አውጡት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብራችሁ ተጫኑና «ስታርትአፕ» የሚለውን እዩ። ከኮምፒውተሩ ጋር መነሳት የማያስፈልገውን አጥፉ። የብሮውዘራችሁን ኤክስቴንሽኖችም ተመልከቱ።

ከዚያ በእውነተኛ ሥራ ፈትኑት። ሊብሬኦፊስ ከሆነ ባዶ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጽፋችሁ «አሪፍ ነው» አትበሉ። የምትሠሩበትን የአማርኛ ሰነድ ክፈቱ። ሠንጠረዡ ቦታውን ለቀቀ? የገጹ ቁጥር ተቀየረ? ሴቭ አድርጋችሁ በጓደኛችሁ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ ግን ፕሮግራሙን አትክሰሱት። ያ ፎንት ኮምፒውተራችሁ ላይ የለም ማለት ነው።

ዋይፋይ አጥፍታችሁም ክፈቱት። ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ የጽሕፈት ፕሮግራም ለእኛ ቤት አይሆንም።

ሳምንቱ ሲያልቅ «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ»፣ «ዳታ ዩሴጅ» ውስጥ ገብታችሁ ስንት ሜጋባይት እንደበላ እዩ። ካልኩሌተር ያህል ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ብዙ መቶ ሜጋባይት ከበላ ሰበብ አትፈልጉለት፤ አውጡት።

ጌም ሲሆን የሚጨመር

በወረቀታችሁ ላይ ያለውን ራም ከጌሙ «ሚኒመም» ሳይሆን ከ«ሪኮመንድድ» ጋር አመሳክሩ። «ሚኒመም» ማለት ይከፈታል ማለት ነው፤ ይጫወታሉ ማለት አይደለም። ባዶው ቦታ የመጫኛውንና የተጫነውን ጌም ሁለቱንም መያዝ አለበት። ደካማ ላፕቶፕ ላይ ኦፕንቲቲዲንና ዌስኖዝን ሞክሩ፤ ሁለቱም ኦፕን ሶርስ ናቸው። ለልጆች ሱፐርታክስካርት የመኪና ውድድር አለ።

ኤፒክ ጌምስ ስቶር በየሳምንቱ የሚከፈልበትን ጌም በነፃ ይሰጣል፤ እውነተኛ ነው። ግን አካውንትና የራሱን ማስጀመሪያ ይፈልጋል። ያ ማስጀመሪያ በራሱ ጊዜ አፕዴት ስለሚያወርድ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ገድቡት።

ቫሎራንት ነፃ ነው፤ አጭበርባሪ ተጫዋችን የሚከላከለው ቫንጋርድ የተባለ ፕሮግራሙ ግን ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ በዊንዶውስ ጥልቅ ክፍል ውስጥም ይሠራል። ይህን አውቃችሁ ወስኑ። የቤተሰቡ ሰነድና የባንክ ሥራ ያለበት ላፕቶፕ ላይ እኔ አልጭነውም።

ለልጅ የምትጭኑት ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ራሳችሁ ተጫወቱ። ከማያውቁት ሰው ጋር ቻት አለ? በስንተኛው ደቂቃ «ግዛ» አለ? የባንክ ካርድ የተመዘገበበትን አካውንት ለልጅ አትስጡ።

ቀድሞ ከተበላሸባችሁ

1. ኢንተርኔቱን አቋርጡ።

2. «አፕስ» ውስጥ በዚያ ቀን የገቡትን ሁሉ አውጡ። አልወጣም ካለ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ ድጋሚ ሞክሩ።

3. የማታውቁትን ኤክስቴንሽን አጥፉና የብሮውዘሩን ሴቲንግ ሪሴት አድርጉ።

4. ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ስካን ኦፕሽንስ» ገብታችሁ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ 15 ደቂቃ ያህል ይመረምራል። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ከሆነ ባትሪው መሙላቱን አረጋግጡ።

5. አሁንም ካለ በዝግጅቱ ጊዜ ወደሠራችሁት ሪስቶር ፖይንት ተመለሱ። ያም ካልፈታው ፎቶና ሰነዳችሁን ብቻ አውጥታችሁ ዊንዶውስን እንደገና ጫኑ።

6. ፓስወርዶቻችሁን ከስልካችሁ ቀይሩ፤ ከዚያ ኮምፒውተር አትቀይሩ። ከኢሜይል ጀምሩ።

7. ኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራም ከነበረ ስልካችሁ ላይ የቴሌግራም «ሴቲንግስ»፣ «ዲቫይሰስ» ውስጥ ግቡና ሌሎቹን ሴሽኖች፣ ማለትም አካውንታችሁ የተከፈተባቸውን ሌሎች መሣሪያዎች፣ በሙሉ ዝጉ። እንዲህ ያሉ ቫይረሶች የተከፈተውን ቴሌግራም እንዳለ ይሰርቃሉ፤ ኮድም አይጠይቃቸውም። በስማችሁ «አስቸኳይ ብር ላክልኝ» የሚል መልእክት ለዘመድ ሁሉ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ሴሽኑን ከዘጋችሁ በኋላ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»ን አብሩ። ለቅርብ ዘመዶቻችሁም በዚያው ሰዓት ደውላችሁ ንገሯቸው።